ሕክምናው እንዳይቋረጥ፦ ለታመመ ልጅ ቤተሰብ ጎረቤት ምን ያደርጋል?

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው ሊደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከሜክሲኮ በእግር ይደረሳል። በዚያ በኩል ለሥራ ለሚመላለስ ሰው ሁልጊዜ የሚያየው ትልቅ ሕንፃ ነው። ልጁን አቅፎ ከባሌ ወይም ከወሎ ለመጣ ወላጅ ግን ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ሲጻፍለት ቆይቶ የደረሰበት የመጨረሻ በር ነው። ለሃያ ዓመት ገደማ በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው እዚህ ግቢ ውስጥ ብቻ ነበር። ዛሬ የሕፃናት ካንሰር ሕክምና በጅማ፣ በጎንደርና በመቀሌም አለ። ያም ሆኖ ብዙው ቤተሰብ አሁንም የሚመጣው ወደዚህ ነው። ስለዚህ የሊደታ ነዋሪ ይህን ጉዳይ ከሩቅ አያየውም። አንድም የጎረቤቱ ልጅ ታሟል፣ አንድም ከአገር ቤት የመጣ ዘመዱ የታመመ ልጅ ይዞ ሳሎኑ ውስጥ አርፏል።

እንዲህ ያለውን ቤተሰብ ለመርዳት የማይፈልግ የለም። ችግሩ ምን ማድረግ እንዳለብን አለማወቃችን ነው። ብርቱካንና ሙዝ ይዘን እንሄዳለን፣ “እግዜር ይማርልሽ” እንላለን፣ ተቀምጠን እናዝናለን፣ እንወጣለን። ይህም ደግ ነገር ነው። ነገር ግን የልጅ ከባድ ሕመም የአንድ ሳምንት ነገር አይደለም፤ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። በእኔ እምነት ማንኛውም እርዳታ ሊመዘን የሚገባው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ የማደርገው ነገር የልጁ ሕክምና ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው እንዲሄድ ያግዛል ወይ?

ጥያቄው ለምን ይህ ሆነ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 400 ሺህ ገደማ ልጆችና ታዳጊዎች በካንሰር ይያዛሉ። በሀብታም አገሮች ከመቶው ከ80 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ግን የሚድኑት ከመቶው 30 እንኳ የማይሞሉባቸው ብዙ ናቸው። ድርጅቱ በ2018 እ.ኤ.አ. በጀመረው ዘመቻ በ2030 ቢያንስ ከመቶው 60ዎቹ እንዲድኑ ግብ አስቀምጧል። ልዩነቱን ከሚያመጡት ምክንያቶች መካከል ዘግይቶ መድረስ፣ በሽታው ሳይታወቅ መቅረት፣ የመድኃኒት መጥፋት ይገኙበታል። እነዚህ በአብዛኛው የመንግሥትና የሐኪም ሥራ ናቸው። አንዱ ምክንያት ግን በቀጥታ የእኛን እጅ ይጠብቃል፤ እሱም የተጀመረን ሕክምና መሀል ላይ ማቋረጥ ነው።

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየውን የደም ካንሰር፣ ሉኪሚያን፣ እንውሰድ። ከሉኪሚያ ዓይነቶች በልጆች ላይ የሚበዛው አንዱ በአግባቡ ከታከመ የሚድን በሽታ ነው። ሕክምናው ግን ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያው ወር ከባድ ነው፤ ልጁ ይተኛል፣ ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ደም ይሰጠዋል። ከዚያ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ በሽታው ከደሙ ይጠፋል። ልጁ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ፊቱ ይመለሳል። አደገኛው ጊዜ ይህ ነው። እናት ልጇ ሲስቅ እያየች፣ አገር ቤት የተተዉት ሌሎቹ ልጆች እየጠሯት፣ ገንዘቡ አልቆ፣ “ድኗል፤ ለምን መርዝ ይግቱታል?” የሚል ዘመድ እየመከራት እንዴት ሁለት ዓመት ትቆይ? ነገር ግን በምርመራ የማይታዩ የካንሰር ሕዋሳት በውስጡ ተደብቀው ይኖራሉ። ሕክምናው ከቆመ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ የቀድሞው መድኃኒት ብዙ ጊዜ አይበግራቸውም። ስለዚህ ልጁ ደህና በሚመስልበት ጊዜ ቤተሰቡን አይዟችሁ ማለት፣ በታመመበት ጊዜ ከመጠየቅ ያላነሰ ነገር ነው። ጠያቂ የሚጠፋው ግን ያኔ ነው።

በልብ ሕመም ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በአገራችን ብዙ ልጆችን የሚጎዳው የልብ ሕመም የሚጀምረው በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው። አንዴ ልብ ከተነካ በኋላ ሌላ ጥቃት እንዳይደርስ ልጁ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት መውሰድ አለበት። በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ በ2001 ዓ.ም. የተከፈተው የልብ ማዕከል ብዙ ልጆችን በነፃ አክሟል። ቀዶ ሕክምናው ከተሳካ በኋላ ያለው ረጅም ክትትል ግን የቤተሰቡና የአካባቢው ሥራ ነው። “የመርፌው ቀን ሐሙስ ነው፣ ረሳችሁ እንዴ?” ብሎ የሚደውል አንድ ጎረቤት የልጁን ልብ ይጠብቃል።

ሕክምና አቋርጠው የሄዱ ወላጆችን “ቸልተኛ” ማለት ይቀለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የአንድ ቀን ቀጠሮ ለሩቅ አገር ሰው የአውቶብስ ትኬት፣ የአልጋ ኪራይ፣ የምግብ ወጪ ነው። አባት ከሥራ ቀርቷል። መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ጠፍቶ “ከውጪ ግዙ” ተብለዋል። ከብቱ ተሸጧል፤ የሚሸጥ ሌላ ነገር የለም። እነዚህ ሰዎች ያቋረጡት ልጃቸውን ስላልወደዱ አይደለም፤ የሚገፋቸው ነገር ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ሸክም ግን በትንሽ በትንሹ ሊካፈል ይችላል።

ከሁሉ በፊት ማየት ያለብን አስታማሚዋን ነው። አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ከልጇ አልጋ ሥር ጋቢ አንጥፋ ታድራለች፣ መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ትዞራለች፣ ናሙና ይዛ ላቦራቶሪ ትሮጣለች፣ ወረፋ ትይዛለች። ራሷ ብትታመም ሕክምናው ያኔውኑ ይቆማል። ስለዚህ “የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ” አትበሏት። አትነግራችሁም። ማሰብ የምትችልበት አቅም የላትም፣ ደግሞም ታፍራለች። ይልቅ ቁርጥ ያለ ነገር አምጡ፦ “ረቡዕ ከሰዓት እኔ አብሬው እቀመጣለሁ፤ አንቺ ቤት ሄደሽ ታጠቢና ተኚ።” ይህ ከሁለት ኪሎ ብርቱካን ይበልጣል። እሷን በደንብ የሚያውቅ አንድ ሰው አስተባባሪ ይሁን። ማን በየትኛው ቀን ምግብ እንደሚያደርስ፣ ማን ልብስ እንደሚያጥብ፣ ማን ቀጠሮ እንደሚያጅብ በቴሌግራም ቡድን ወይም በወረቀት ይያዝ። አስተባባሪው ስለ ልጁ ሁኔታም ለሌላው ይናገር። እናትየዋ በቀን አሥር ጊዜ ስልክ እያነሳች ያንኑ መጥፎ ዜና እንድትደግም አታድርጓት።

ምግብ ስታመጡ ትኩስና በደንብ የበሰለ ይሁን። ኬሞ የሚወስድ ልጅ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ስለሚቀንሱ ተራ ጀርም እንኳ ሊጥለው ይችላል። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ ሳይበስል የተከተፈ ሰላጣ ለእሱ አይሆንም። ሽታ ሊያስጠላው፣ አፉ ሊቆስል ይችላል፤ ትናንት የወደደውን ገንፎ ዛሬ ቢገፋው አትከፉ፣ እናቱንም “አልበላም ይላል እንዴ? አስገድጂው” አትበሏት። አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ እናትየዋ ራሷ ትጾም ይሆናል። በሁዳዴ ወይም በረቡዕና ዓርብ የፍስክ ሳህን አምጥተን እሷ ጦሟን ውላ የምታድርበት ጊዜ አለ። ለልጁ የፍስክ፣ ለእናትየዋ የጾም ምግብ ለይቶ ማምጣት ትልቅ ማስተዋል ነው። እናትየዋ ሙስሊም ከሆነችም በረመዳን ማታ ማፍጠሪያ እስከ ሆስፒታሉ በር የሚያደርስላት ሰው ያስፈልጋታል።

ጉንፋን የያዘው፣ የሚያስለው፣ ቤቱ ውስጥ ኩፍኝ ያለበት ሰው መሄድ የለበትም። ይሉኝታ ይይዘናል፤ “ሳልጠይቀው ቀረሁ” እንላለን። በዚህ ቦታ ግን መቅረት ነው ደግነቱ። ስትገቡ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጁን መሳም ከፈለጋችሁ ከሩቅ ፈገግ በሉለት፤ ይገባዋል።

ሁሉም ጎረቤት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ቁጥር አለ፦ 38። ኬሞ የሚወስድ ልጅ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። “እስኪነጋ እንጠብቅ” ማለት ለእንዲህ ያለ ልጅ የሕይወት ጉዳይ ነው። ትኩሳት ማብረጃ ሰጥቶ መጠበቅም አደጋውን ይደብቀዋል፤ መጀመሪያ ለሐኪሙ መደወል ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ቴርሞሜትር እንዳለው አረጋግጡ፤ ከሌለ ያ የእናንተ ስጦታ ይሁን። መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ፣ ሌሊት ስልኩ እንደሚነሳ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 እንደሚጠራ አስቀድሞ ይታወቅ። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ ሌሊት ልጅ ተሸክሞ የሚወርድለት ጎረምሳም ያስፈልገዋል።

ገንዘብን በተመለከተ ከሁሉ በፊት ቤተሰቡ ያለውን መብት ይጠቀም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያው መታደሱን፣ የሪፈሩ ሰንሰለት ከጤና ጣቢያ ጀምሮ መያያዙን ማየት ነው። ሪፈሩን ሳይዝ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል የሄደ ሰው ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል። መክፈል የማይችል ደግሞ ከወረዳው የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ይጠይቃል። ይህን ለማስጨረስ ቢሮ ለቢሮ መመላለስ የሚችል ሰው እናትየዋ አይደለችም፤ እናንተ ናችሁ። ማንኛውም ደረሰኝ በአንድ ፖስታ ይሰብሰብ። መዋጮ ስታሰባስቡ አንድ ሰው ሒሳቡን በጽሑፍ ይያዝ፣ ገንዘቡ ደግሞ በወላጆቹ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ። የልጁን ፊት፣ በተለይ ራሱ ተላጭቶ ቱቦ የተሰካበትን ፎቶ፣ በፌስቡክ አትበትኑ። ልጁ እንዲድን ነው የምንረዳው፤ ከዳነ በኋላ ያ ፎቶ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለዋል። አንድ ጊዜ ከሚሰጥ 10,000 ብር ይልቅ በየወሩ ሳይቀር የሚሰጥ 500 ብር ሕክምናውን የሚያስቀጥልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ወላጅ የሚቀጥለውን ወር ማሰብ ይችላልና።

የሥራ ነገርም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግል ድርጅት ሠራተኛ ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥመው እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ያም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከዓመት ፈቃዱ ጋር ቢደመር እንኳ ልጁ ሦስት ዓመት ለሚታከም አባት ይህ ምንም አይደለም። ሕጉ እስኪስተካከል ድረስ ጎደሎውን የሚሞላው የሥራ ባልደረባ ነው፤ ፈረቃ የሚለዋወጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት የሚሸፍን። አለቃ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ሠራተኛን በዚህ ጊዜ አለማባረር ለልጁ ሕክምና ከመክፈል አይተናነስም።

ደም ሌላው ነው። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ልጅ ደም በተደጋጋሚ ይፈልጋል። ደም እንዳይፈስ የሚያደርጉት ፕሌትሌት የሚባሉት ሕዋሳት ከተወሰዱ በኋላ የሚቆዩት አምስት ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ ተከማችተው ሊጠብቁ አይችሉም። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። የሠፈሩ ወጣቶች በአንድ ቀን ተሰባስበው ከመሄድ ይልቅ ቢከፋፈሉና በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሆነው ቢሄዱ ለደም ባንኩም ለልጆቹም ይጠቅማል።

ስለ ጸበል በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሕክምና የሚቆመው እዚህ ላይ ነውና። እምነት ያለው ቤተሰብ ልጁን ጸበል ልውሰድ ቢል ማፌዝም መከልከልም ሰሚ አያገኝም። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ቃል የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ፤ ለካንሰርና ለልብ ሕመምም መንገዱ ያው ነው። የነፍስ አባታቸው “መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር ነው፤ አታቋርጡ” ቢሏቸው ከሐኪሙ ይልቅ ይሰማሉ። ስለዚህ ካህኑን ማነጋገር የሠፈሩ ሽማግሌ ሥራ ሊሆን ይችላል። ልጁ ነጭ የደም ሕዋሱ በወረደበት ሳምንት ብዙ ሰው በሚጋፋበት ቦታ ከማስጠመቅ ካህኑ ቤት መጥተው ቢጸልዩለት ይሻላል። የባህል መድኃኒት የሚሰጡት ከሆነም ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ አንዳንዱ ቅጠል ከኬሞ ጋር ጉበት ሊጎዳ ይችላል።

ጠያቂ የሚናገረው ቃል ይከብዳል። “ምን አብልተሽው ነው?” “የማን ዓይን ነው?” “እርግማን ይሆን?” የሚሉት ጥያቄዎች እናትን ያደቅቋታል። አብዛኛው የልጆች ካንሰር በወላጅ ጥፋት የሚመጣ አይደለም፤ በዘር ከሚወረስ ነገር ጋር የሚያያዘው ከአሥሩ አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ልጆቻችሁ አብረውት ቢጫወቱ አይዛቸውም። “የእገሌም ልጅ እንዲሁ ሆኖ ሞተ” የሚለውን ታሪክ ደግሞ ቤታችሁ ተዉት። አባትን አትርሱት። ሰው ሁሉ “ልጁ እንዴት ነው?” ይለዋል፤ “አንተስ?” የሚለው የለም። ሻይ ጋብዙትና ዝም ብላችሁ አብራችሁት ተቀመጡ።

ለልጁ ራሱ ምን ይነገረው? በእኛ ዘንድ መደበቅ ልማድ ነው። ልጅ ግን ከፊታችን ያነባል፤ ካልነገሩት ከእውነቱ የከፋ ነገር ያስባል። የአምስት ዓመት ልጅ “ደምህ ታሟል፤ መድኃኒቱ ያደክምሃል፣ ፀጉርህ ይወድቃል፣ ተመልሶ ይበቅላል፤ አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም” ቢባል ይገባዋል። መርፌ ሲወጋ “አያምህም” አትበሉት፤ “ትንሽ ያማል፣ ቶሎ ያልፋል፣ እጄን ያዝ” በሉት። የዋሸነው ልጅ በሚቀጥለው ቀጠሮ አያምነንም።

ቤት የቀሩት ወንድምና እኅቶች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ከትምህርት ቤት የሚወስዳቸው፣ የቤት ሥራ የሚያሠራቸው፣ ለፈተና የሚያስጠናቸው ሰው ያስፈልጋል። ትንሿ እኅት “ተጣልቼው ነበር፤ በእኔ ይሆን?” እያለች ልትጨነቅ ትችላለች፤ ጠይቋት።

ከክልል ለመጣ ቤተሰብ ደግሞ ማረፊያ አለ። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን ሉኪሚያ ከነጠቃቸው በኋላ በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለታካሚዎች ማረፊያና ድጋፍ ይሰጣል። ወላጆች የመሠረቱት ተስፋ አዲስ የተባለው ድርጅትም በጥቁር አንበሳ የሚታከሙ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ጋር ያሳርፋል፣ ይመግባል። የእነዚህ ቤቶች ትልቁ ጥቅም አልጋው ብቻ አይደለም። ልጇ ገና ኬሞ የጀመረች እናት፣ ልጇ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ሌላ እናት ታገኛለች። ለመቀጠል ከማንም ምክር ይልቅ ያንን ማየት ያበረታታል። ድርጅቶቹን በገንዘብ፣ በዱቄት፣ በብርድ ልብስ መርዳት ይቻላል።

ሕክምና ሁልጊዜ አያድንም። ሐኪሙ ማዳን አልተቻለም ካለ በኋላም የሚደረግ ብዙ ነገር አለ፤ ሕመሙን ማስታገስ፣ ትንፋሹን ማቅለል፣ ቤተሰቡን መደገፍ። ሐኪም ያዘዘው ሞርፊን ልጁን ሱሰኛ አያደርገውም፤ ስቃዩን ያነሳለታል። ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ከ20 ዓመት በላይ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ በዚህ ሥራ ላይ ቆይቷል። ልጁ ካረፈ ደግሞ “ሌላ ይተካላችኋል”፣ “ልጅ ነው፣ ገና ወልዳችሁ ታሳድጋላችሁ” አትበሉ። ልጁን በስሙ ጥሩት። ከአርባው በኋላ ድንኳኑ ፈርሶ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ በልደቱ ቀን፣ ትምህርት በሚጀመርበት መስከረም፣ ደውሉላቸው።

ዕድሮቻችን በቀብር ጊዜ የሚያደርጉት ነገር በዓለም ላይ ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም፦ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ገንዘቡ፣ ሦስት ቀን የማይለየው ሰው። ብዙዎቹ ግን ይህን ሁሉ የሚያወጡት ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በኤችአይቪ ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ለታመሙትና ለወላጅ አልባ ልጆች በሕይወት ሳሉ መርዳት ጀምረው ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ አዲስ አይደለም። የሊደታ ሠፈሮች በመልሶ ማልማት ተነስተው ነባር ዕድሮች ሲበታተኑ በኮንዶሚኒየሞቹ አዳዲስ ዕድሮች ተመሥርተዋል፤ መተዳደሪያ ደንባቸው ገና ሊሻሻል የሚችል ነው። በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ አንድ አባል ተነስቶ እንዲህ የሚል አንቀጽ እንዲጨመር ሊጠይቅ ይችላል፦ የአባል ልጅ ከሦስት ወር በላይ ሕክምና የሚፈልግ ሕመም ቢያጋጥመው ዕድሩ ሐኪም የጻፈውን ማስረጃ አይቶ በየወሩ የተወሰነ የትራንስፖርት ገንዘብ ይሰጣል፤ አስታማሚውን የሚያፈራርቁ ሁለት አባላትንም ይመድባል። የሚጠየቀው ተጨማሪ መዋጮ በአባል ጥቂት ብር ነው። ደንቡ ከመጽደቁ በፊት ደግሞ አሁን ጥቁር አንበሳ የተኛ የአባል ልጅ ካለ ተራው ከዚሁ ስብሰባ ሊጀመር ይችላል።